እሳቱ ከየት መጣ?

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊወጣ ሲል ደብረ ታቦር በእሳት ጋየች። እሳቱን የለኮሰው ወራሪ አልነበረም። ለዓመታት መናገሻው ያደረጋት፣ እዚያው አጠገቧ ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀለጠው ዐፄ ቴዎድሮስ ራሱ ነበር። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጋሪ ላይ ተጭኖ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ እየጎተተው፣ ፊቱን ወደ ጋይንት አዙሯል። ሠራዊቱ፣ እስረኞቹ፣ የአውሮፓ ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው፣ ሴቱም ሕፃኑም ተከትሏል። ከኋላ የቀረው ጭስ ነው። አሥር ወር ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1859 ዓ.ም.፣ ጎንደርም አብያተ ክርስቲያናቷ ሳይቀሩ ተዘርፋ ተቃጥላ ነበር።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ የዓለም ሕዝብ ሌላ ንግሥት ሌላ ከተማ ስታቃጥል በቴሌቪዥን ተመለከተ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ከመጨረሻው ቀደም ያለ ክፍል ላይ ደርሷል። ዴኔሪስ ታርጋሪየን፣ ኤሚሊያ ክላርክ የተጫወተቻት የስደት ልጅ፣ ወንድሟ ጦር ለማግኘት ሲል ለባዕድ አለቃ የዳራት፣ በየከተማው የባሪያ ሰንሰለት እየበጠሰች «እናታችን» የተባለች፣ በድራጎኗ ጀርባ ሆና ከኪንግስ ላንዲንግ ግንብ በላይ ቆማለች። ጠላቶቿ ተሸንፈዋል። የመገዛት ደወል ተደውሏል። ጦርነቱ አልቋል። እሷ ግን ቤተ መንግሥቱን አየት አድርጋ ቁልቁል ወረደችና ሕዝቡን በየመንገዱ፣ በየቤቱ አነደደችው።

ተመልካቹ አልዋጥ አለው። የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን የሚል አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ፊርማ ሰበሰበ። ሴት ልጆቻቸውን በስሟ የጠሩ ወላጆች ተቆጡ። ስምንት ዓመት፣ 73 ክፍል፣ ይህን ለማየት ነበር? የሚል ቅሬታ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

ቅሬታው ደብረ ታቦርም ደርሷል። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ጠባብ ሱቆች አሉ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በክር የታሰሩ ፍላሾች። የቱርኩ፣ የኮሪያው፣ የህንዱና የአሜሪካው ፊልም በምዕራፍ በምዕራፍ ተደርድሮ ይጠብቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሱቅ የከተማ ወጣት ከዓለም ጋር የሚገናኝበት በር ነበር። በክልላችን ከተሞች በቪዲዮ ቤት ወንበር ላይ ያደገ ትውልድ አንድ የማይናወጥ እምነት አለው፤ አክተር አይሞትም፣ ቢሞትም ተበድሎ ነው የሚሞተው። አክተሯ ራሷ በዳይ ሆና ስትገኝ ግን ምን ይባላል?

ይህን ጥያቄ ከሌላው ዓለም ይልቅ ደቡብ ጎንደር በደንብ ልትመልሰው የምትችል ይመስለኛል። ደብረ ታቦር የወደደችው ሰው ሲለወጥ ያየችው በስክሪን አይደለም። ጣሪያዋ ላይ ነው ያየችው።

መጀመሪያ ግን ለድራማው ጸሐፊዎች የሚገባቸውን ልስጣቸው። ዘሩን ዘርተው ነበር። ዴኔሪስ በአራተኛው ምዕራፍ ሚረን የተባለችውን ከተማ ስትይዝ 163 የባሪያ ጌቶችን በእንጨት ላይ ቸንክራ ሰቅላለች። ጌቶቹ 163 ሕፃናት ገድለው በየመንገዱ ሰቅለው ስለነበር ተመልካቹ አጨበጨበ። ከተሰቀሉት መካከል ግድያውን የተቃወመ ሰው እንደነበረ በኋላ ልጁ መጥቶ ሲናገር ግን ጭብጨባው ፋታ አልሰጠንምና ብዙዎቻችን ሳንሰማው አለፍን። በሰባተኛው ምዕራፍ አልንበረከክም ያሉ አባትና ልጅን በእሳት ስትገድል ያኔም ሰበብ አገኘንላት። እንዲህ እያለ እሳቱ በየጊዜው ይታይ ነበር፤ የሚቃጠለው የምንጠላው ሰው ስለሆነ ብቻ እሳት መሆኑን ረሳነው።

እዚህ ላይ የጢስባ ሌቦች ትዝ ይሉኛል። ታሪኩን የጻፈው የቴዎድሮስ ወዳጅና ዜና መዋዕል ጸሐፊ ደብተራ ዘነብ ነው። ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ከነገሠ በኋላ፣ በዘመነ መሳፍንት የተበተነ ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብሎ አዋጅ አስነገረ። ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ። ከዚያ ደብረ ታቦር አካባቢ ከምትገኘው ጢስባ የመጡ የታጠቁ ሰዎች ፊቱ ቀረቡና የአባታችንን ሥራ አጽናልን አሉት። የአባታችሁ ሥራ ምንድን ነው ቢላቸው ዝርፊያ ነው አሉት። በሬና ማረሻ ልስጣችሁ፣ እረሱ አላቸው። እምቢ አሉ። ቃሉ ቃል ነውና አጽንቶላቸው ሸኛቸው፤ ተመልሰው ሲመጡ ግን በሠራዊቱ አስፈጃቸው።

ታሪኩ ሲነገር ይስቃል ሰው። እኔም ስሰማው ስቄያለሁ። ብልሃት አለበት፣ ፍትሕ የሚመስል ነገር አለበት፣ ለዓመታት በሽፍታ የተማረረ ገበሬ እፎይታ አለበት። ግን ረጋ ብሎ ላየው፣ እንደ ዴኔሪስ ስቅላት ያለ ነገር ነው። አንድ መንደር ሳይፈረድበት በአንድ ጊዜ አለቀ፤ የንጉሥ ቃል ወጥመድ ሆነ። ዘነብ ይህን የጻፈው ለማመስገን ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለደብረ ታቦር የሚመጣው እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ግን ማን ያያል?

ስለዚህ የተወደደ ሰው ክፉ ሲሆን «ከየት መጣ?» ብሎ ጸሐፊውን ብቻ መክሰስ አይበቃም። ጥሩ ጸሐፊ ወደ ኋላ መልሶ የእኛን ጭብጨባ ያሳየናል። በዚህ በኩል «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዴኔሪስ ከተማ ማቃጠሏ ከባሕርይዋ ውጭ አልነበረም። ድራማው የወደቀው ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ክፍል ነበራቸው፤ ሰባተኛው ወደ ሰባት፣ ስምንተኛው ወደ ስድስት ወረደ። ለመለወጥ ዓመታት የሚጠይቀው ነገር በሁለት ሦስት ክፍል ተጠቀጠቀ። ጊዜ ሲያጥራቸው ደግሞ ጸሐፊዎቹ በጣም ቅርብ ያለውን ምክንያት አነሱ፤ ኀዘንን። ታማኝ ወዳጇ ጆራ ሞተ። አንዱ ድራጎኗ ተገደለ። የልብ ጓደኛዋ ሚሳንዴ ዓይኗ እያየ አንገቷ ተቀላ። ከዚያ አበደች።

ሞት አሳበዳት! ይህችን ምክንያት ደብረ ታቦር ከጥንት ጀምሮ ታውቃታለች። ቴዎድሮስ ለምን ተለወጠ ብለው ቢጠይቁ የመጀመሪያው መልስ የእቴጌ ተዋበች ሞት ነው። በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ተዋበች ሞተች፣ በ1852 የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውዴን ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ፣ በ1853 ቤል የተባለው ባለሟሉ ቴዎድሮስን ሲከላከል ወደቀ። መካሪ አጣ፣ ልቡ ደነደነ፣ ይባላል። ቤልን ለመበቀል የተፈጁት ምርኮኞች በመቶ ይቆጠራሉ፤ ኀዘኑ እውነት ነበር፣ የገደለውም እውነት ነበር።

ሆኖም ይህ ምክንያት ብቻውን ውሃ አያነሳም። ተዋበች በሞተችና ደብረ ታቦር በተቃጠለች መካከል ዘጠኝ ዓመት አለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰውዬው ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፏል፣ መንገድ ቀይሷል፣ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሠራተኞች፣ እነ ዋልድማየርን፣ ሰብስቦ መድፍ እንዲሠሩለት ወትውቷል፣ አስፈራርቷል፣ ሸልሟል። ያበደ ሰው እንዲህ አያቅድም። እሳቱ የመጣው ከሐዘን ድንኳን ሳይሆን ከሠራዊቱ ጉሮሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴዎድሮስ ወታደሩ ገበሬ ቤት እየገባ እንዳይበላ ደመወዝ ሊቆርጥለት ፈለገ። ይህ ከሥራዎቹ ሁሉ ለገበሬው የሚበጅ ነበር። ደመወዝ ግን ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘቡ ያለው ደግሞ መሬት ላይ ነው፣ ብዙው መሬት የቤተ ክርስቲያን ነው። በ1852 ዓ.ም. ግድም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገበሬ ተሰጥቶ ይገብር አለ። ካህናቱ ጠላቶቹ ሆኑ። ያነገሡት አቡነ ሰላማ በ1856 መቅደላ ታሰሩ። ካህን ከጠላው ንጉሥ ጋር ሕዝቡ ሲቆይ እስከ መቼ ነው? ጎጃም ተድላ ጓሉን ይዞ አመፀ፣ ላስታና ዋግ ጎበዜን፤ በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋን ያዘ፤ ወሎ መቼም አልተኛም። አንድ አገር ባመፀ ቁጥር አንድ ግብር ይቀራል፤ የቀረውን ለመመለስ ዘመቻ ያስፈልጋል፤ ዘመቻ ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። ቀለቡ የሚገኘው ገና ካላመፀው አገር ነው።

ገና ያላመፀው አገር በጌምድር ነበር።

ዛሬ ደቡብ ጎንደር የምንለው ምድር፣ ከጉና ተራራ እስከ ጣና ዳር ቆራጣ፣ ከሌላው ይልቅ ለረጅም ጊዜ በእጁ የቆየው እሱ ነው። የታመነው ገበሬ የታመነ በመሆኑ ተበላ። በ1858 ክረምት መግቢያ ሠራዊቱ ጣና ዳር ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት፤ ሸሽቶ ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። በደጉ ዘመን በስድሳ ሺህ ይገመት የነበረው ጦር በዚህ ጊዜ ወደ አሥር ሺህ ወርዷል። ገበሬው እህሉን ጉድጓድ ውስጥ ደበቀ። ወታደሩ ሌሊት እየከዳ ጠፋ። ንጉሡ የከዳውን ቀጣ፣ የደበቀውን ቀጣ፣ በመጨረሻም መንደሩን ሙሉ ቀጣ። በእስር የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ሰዎች በየቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ስለ መቃጠላቸው ጽፏል። ሌቦቹን ባስፈጀበት አገር ማረሻ የያዙት ተከተሉ።

ዴኔሪስን የጻፉ ሰዎች ይህን የመሰለ ሰንሰለት ቢሰጡን ኖሮ! ባሪያ ነፃ ያወጣ ሠራዊት በብርድ አገር ምን ይበላል? ባሕር ተሻግራ የመጣችን ንግሥት የሚጠራጠር ገበሬ እህሉን ሲደብቅ ምን ታደርጋለች? እነዚህን ጥያቄዎች ድራማው በሰባተኛው ምዕራፍ ጠጋ ብሎ ነካቸውና ጥሏቸው ሄደ። ክፋት እያንዳንዱ እርምጃ ለራሱ ትክክል መስሎ ሲመጣ ነው የሚያስፈራው። በ62 ክፍል አንድ የኬሚስትሪ መምህርን ወደ ገዳይነት የወሰደው «ብሬኪንግ ባድ» ይህን ያውቃል፤ መምህሩ በመጀመሪያ የፈለገው ለሕክምና መክፈልና ለቤተሰቡ ማትረፍ ነው። ማን ይፈርድበታል? ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

አንድ ነገር ግን እየከነከነኝ ነው። ከደብረ ታቦር ታሪክ እስካሁን ያወራሁት ስለ ወንድ ነው፤ በሴት ላይ ፍርዱ ፈጠን ይላል። ከደብረ ታቦር ቤት የወጡ ሁለት ሴቶች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ከቴዎድሮስ በፊት ደብረ ታቦር የየጁው ራስ ዓሊ መናገሻ ነበረች። እናቱ እቴጌ መነን ልበን አመዴ ጎንደር ላይ እቴጌ ሆና የደምቢያንና የቋራን አገር ትገዛለች። ካሳ ኃይሉ የሚባል የቋራ ሽፍታ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ አገሯን ሲያውክባት፣ የልጇን ልጅ ተዋበችን ድረው ሊያስሩት ሞከሩ። ከዚያ በኋላ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ካሳ ከግብፆች ጋር ተዋግቶ ቆስሎ ሲመለስ ሐኪሙ የሰባ ላም ጠየቀው። ካሳ ወደ መነን ላከ፤ መነን ላም በመስጠት ፈንታ አንድ ብልት ሥጋ ላከችለት። ንቀቱ ያንገበገባት ተዋበች ባሏን ተነስ፣ ተበቀል አለችው ይባላል። ተነሳ። በሰኔ 1845 አይሻል ላይ የተዋበች አባት ራስ ዓሊ ለመጨረሻ ጊዜ ተሸነፈ፤ የየጁ ቤት ፈረሰ።

በትረካችን ተዋበች ቅድስት ናት፣ መነን እኩይ። ግን ካሜራውን ደብረ ታቦር፣ ራስ ዓሊ ግቢ ውስጥ እናቁመው። ያሳደጋትን አባት፣ የተወለደችበትን ቤት አሳልፋ የሰጠች ልጅ ማን ናት? ሰብልና ከብቱ የተዘረፈበት የደምቢያ ገበሬ ዳኛ አድርጎ የሚጮኸው ወደ ማን ነው? ወደ መነን ነው። መነን አገሯን ከሽፍታ የምትጠብቅ ገዢ ልትሆን ትችል ነበር፤ ባለታሪኩ ካሳ ስለሆነ ብቻ ክፉ አማት ሆና ቀረች። ተዋበች ደግሞ ቶሎ በመሞቷ ንጹሕ ሆና ቀረች፤ ባሏ የጎንደርን ቤተ ክርስቲያን ሲዘርፍ አጠገቡ ብትኖር ምን ትል ነበር? ምን ታደርግ ነበር? ለድራማ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። ሴት ገጸ ባሕርይ ወይ መልአክ ወይ እባብ ካልሆነች ቦታ የማናገኝላት እስከ መቼ ነው? ለዴኔሪስ ከተናደዱት ብዙዎቹ የተናደዱት ለዚህ ይመስለኛል፤ የወንድ ንጉሥ ክፋት ፖለቲካ ሲባል የሴቷ ክፋት እብደት ተባለ።

ወደ ሴባስቶፖል መንገድ ልመለስ፤ ጥሩ ጸሐፊ የሚፈተንበት ቦታ እሱ ነውና። ደብረ ታቦርን ካቃጠለ በኋላ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ይዞ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት። በጋይንት አልፎ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ። መንገድ አልነበረም፤ እየሠሩ ነው የሄዱት። ንጉሡ በማለዳ ተነስቶ፣ ልብሱን ሰብስቦ፣ ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሳ፣ ቁጥቋጦ ይመነጥር እንደነበር አብረውት የነበሩት አውሮፓውያን መስክረዋል። ያው እጅ ነው። መንደር ያቃጠለው እጅ መንገድ ይጠርጋል፣ ያውም ለመኪና እንኳ አስቸጋሪ በሆነ ገደል። በዚያ መንገድ ላይ ከኋላው ቆማችሁ ብታዩት ትወዱታላችሁ። ወደ ኋላ ዞራችሁ ጭሱን ብታዩ ደግሞ ትጠሉታላችሁ። ሁለቱን በአንድ ትዕይንት ማሳየት የቻለ ድራማ ለውጡን ተመልካቹ አምኖ እንዲቀበለው ያደርጋል፤ ኪንግስ ላንዲንግ ላይ የጎደለው ይህ ነው። ማቃጠል ከጀመረች በኋላ ካሜራው የዴኔሪስን ፊት አላሳየንም ማለት ይቻላል። ድራጎኑን ከሩቅ፣ የሚቃጠሉትን ከቅርብ አሳየን እንጂ፣ እሷ ምን እያሰበች እንደምታነድ ደጁ ተዘጋብን።

የእኛ ቴሌቪዥን እዚህ ፈተና ላይ ገና አልቀረበም። «ሰው ለሰው»ን ያየ ሁሉ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አይረሳም፤ ድንቅ ትወና ነበር፤ ግን አስናቀን ወደን አልጀመርንም። በአገራችን ድራማ ክፉው ክፉ ሆኖ ይመጣል፣ መልካሟ እያለቀሰች ትጨርሳለች። ቴዎድሮስ ራሱ በመድረክና በልብ ወለድ እነ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ እነ አቤ ጉበኛ፣ እነ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ጽፈውታል፤ በቲሸርቱና በፖስተሩ ላይ የምናገኘው ግን ሁልጊዜ ሹሩባው ካሳ ወይም ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሽጉጡን የጠጣው ጀግና ነው። በመካከል ያለው የበጌምድር ዓመት በፖስተር አይወጣም። ገበሬው አይወጣም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የምንወደው ጸሐፊ ቀድሞ ማቆሙ ነው። የዘነብ ዜና መዋዕል የሚያልቀው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እሳት እሱ አልጻፈውም። የቀረውን የጻፈው ለአቡነ ሰላማ ቅርብ የነበረው አለቃ ወልደ ማርያም ነው፤ እሱ ደግሞ ንጉሡን አይወደውም። አንዱ ፍቅሩን ይዞ ቆመ፣ ሌላው ቁጣውን ይዞ ቀጠለ፤ በመካከላቸው ያለውን ድልድይ የሠራ የለም። ተከታታይ ድራማ ለመጻፍ የተቀመጠ የደብረ ታቦር ልጅ ካለ ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ይክፈት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በጢስባ ሌቦች ይጀምር፤ ተመልካቹም ከልቡ ይሳቅ። ከዚያ ለበጌምድር ገበሬ ሚስት ስም ይስጣት፣ ቤት ይስጣት፣ እህሏን የምትደብቅበትን ጉድጓድ ያሳየን፤ ንጉሡን የምትወድ ትሁን፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ሌቦቹ ስትሰማ ከኛ ጋር የሳቀች ትሁን። የእሳቱን ክፍል ሲደርስ ደግሞ ካሜራውን ከእሷ ጉድጓድ አጠገብ ያቁመው፣ የንጉሡንም ፊት አይደብቅብን።